ማንበብ ለተሳነው ሰው ቀላል ጽሑፍ፤ ኮምፒዩተሩ እስከ ምን ድረስ ይረዳናል?



በዚህ አምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ደብዳቤ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣ፣ ከኩፓት ሖሊም የመጣ፣ ከዒሪያ ስለ አርኖና የመጣ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ። ወደ ቢሯችን ስትመጡ ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እኛም እናነብላችኋለን። እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ግን ስለ አንድ ዓይነት ችግር ነበር፤ ይኸውም ዕብራይስጥ ገና አለመልመዱ ነው። ይህ ችግር በኡልፓንና በጊዜ ይቀላል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ዓይነት ችግር ነው። ቀድሞ ያነብ የነበረ፣ በአገር ቤት ለጎረቤቱ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረ ሰው፣ ከሕመም በኋላ በራሱ ቋንቋ እንኳ ማንበብ ሲያቅተው ምን ይደረጋል?

ጥያቄው የመጣው ከእናንተው ነው። ከሄፍጺባና ከአዞሪም ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች ጠይቀውናል። አንዳንዶቹ ልጆችም፣ «ስልኩ ደብዳቤውን አቅልሎ ይጽፈዋል ይባላል፤ ለአባባ ይሠራለታል ወይ?» ብለውናል። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ። ሐኪሞች አፋዝያ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከስትሮክ በኋላ ነው፤ በዕብራይስጥ ሻቫጽ ሞሒ ይባላል። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል፤ በብዙ ሰው ዘንድ ቋንቋን የሚያዘው ደግሞ የአንጎል ግራ ጎን ስለሆነ፣ ጉዳቱ እዚያ ሲደርስ ቋንቋ ይጎዳል። ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 ፓሪስ ውስጥ «ታን» ከሚል አንድ ድምፅ በቀር መናገር የማይችል በሽተኛ ነበረው፤ ሰውዬው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱ በግራ በኩል ከፊት መሆኑን አሳየ። ከ13 ዓመት በኋላ ቨርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ሌላውን ዓይነት ገለጸ፤ ይህኛው በሽተኛ ንግግሩ ይፈስሳል፣ ነገር ግን ቃሉ ይደበላለቃል፣ የሚነገረውንም በደንብ አይረዳም። አሁንም ሐኪሞች እነዚህን ሁለት ስሞች ይጠቀሙባቸዋል።

ከሁሉ በላይ ልታውቁት የሚገባው፣ አፋዝያ የያዘው ሰው አእምሮውን አልሳተም። ሰው ይለያል፤ ቤቱን ያውቃል፤ ይቆጣል፤ ይሳቃል፤ ቡናው ቢቀጥንም ያውቃል። የጠፋው ወደ ቃሉ የሚወስደው መንገድ ነው። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ሲቀር፣ ሰውዬውን እንደ ሕፃን ያናግረዋል ወይም በፊቱ ስለ እሱ ያወራል። እሱም ይሰማል፤ ያዝናል።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። አንድ የምናውቃቸው አባት፣ በጎንደር አውራጃ አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ በመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ታመው ሆስፒታል ገቡ። እጃቸው ዳነ፤ እግራቸውም ዳነ። በመዝገባቸው ላይ ግን የተጻፈው «ዕብራይስጥ አይችልም» የሚል ብቻ ነበር። ሐኪሙ ዝምታቸውን ከአዲስ መጤነት ቆጠረው፤ ቤተሰቡ ከሐዘን ቆጠረው፤ ኡልፓን ሲመለሱም መምህርቷ ከስንፍና ቆጠረችው። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንዲት አማርኛ የምትናገር ነርስ ሰዓቷን አሳይታ፣ «አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ማንኪያ» አሉ፤ ተሳስተው መናገራቸውንም አውቀው ራሳቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታወቀው። እነዚያ የጠፉት ወራት ደግሞ ለንግግር ሕክምና እጅግ የሚጠቅሙት የመጀመሪያዎቹ ወራት ነበሩ።

ስለዚህ ይህን ከወረቀቱ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣ ላይ ለጥፉት። ድንገት አፉ በአንድ ወገን የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተኮላተፈ ወይም የተደበላለቀ ሰው ካያችሁ፣ እስኪተኛና እስኪሻለው አትጠብቁ፤ ወዲያው በ101 ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም ደውሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሐኪሙንም፣ «በአማርኛም ቃል ይጠፋዋል» ወይም «በአማርኛ ደህና ነው» ብላችሁ ንገሩት። ትግርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ከሆነ በትግርኛ ሞክሩት፤ ይህን ሊያውቅ የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ነው።

ሁለት ሦስት ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው የትኛው ቀድሞ ይመለሳል የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ሪቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ቀድሞ የተማሩት ይመለሳል አለ፤ ፒትር የሚባለው ደግሞ በ1895 ሰውዬው ከመታመሙ በፊት አዘውትሮ ይናገረው የነበረው ነው የሚመለሰው አለ። በኋላ የተሰበሰቡት ጥናቶች የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ ቋንቋዎቹ ጎን ለጎን እንደሚሻሻሉ ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት አጭር ነው፤ በሽተኛውን «ዕብራይስጥ ብቻ እንዲለምድ» ብላችሁ አማርኛውን አትከልክሉት። እንዲህ ያለ ምክር ሰምታችሁ ከሆነ እኛ አንስማማበትም።

አሁን ወደ ንባቡ እንምጣ። አፋዝያ ያለበት ሰው ማንበብ ሲጀምር የሚከብደው ነገር በደንብ የታወቀ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ይከብደዋል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቃል ይከብደዋል። «እሱ»፣ «እነርሱ»፣ «ይኸው» የሚሉት ማንን እንደሚያመለክቱ ይጠፋዋል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ተደራጊው ቀድሞ የሚመጣበት ንግግር ነው። «ልጁ በልጅቷ ተገፋ» ስትሉት፣ ማን ማንን እንደገፋ ይምታታበታል፤ «ልጅቷ ልጁን ገፋችው» ስትሉት ግን ይገባዋል።

ይህን መሠረት አድርገው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በሳንደርላንድና በሳሴክስ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች አንድ የኮምፒዩተር ሥራ ጀመሩ። ሳንደርላንድ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ የራሷ የአካባቢ ጋዜጣ አላት፤ ስሙ ሳንደርላንድ ኤኮ ይባላል። የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ስትሮክ የመታው ሰው እንደ ጎረቤቶቹ የከተማውን ጋዜጣ እንዲያነብ ማድረግ ነበር። ይህ ዓላማ እኛን በጣም ደስ ይለናል። መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውዬው የሰፈሩን ወሬም እንዲያውቅ አሰቡለት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ይበትናል፤ ስሙን ከግሡ፣ አድራጊውን ከተደራጊው ይለያል። ከዚያ ረጅሙን ይቆርጠዋል፤ «ተገፋ» የሚለውን ወደ «ገፋ» ይመልሰዋል። «እሱ» በሚለው ቦታ የሰውዬውን ስም መልሶ ለመጻፍም ሞከሩ። ለከባዱ ቃል ደግሞ፣ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀው ዎርድኔት ከሚባል የቃላት መዝገብ ተመሳሳይ ቃላትን ያወጣል፤ ከእነዚያ ውስጥ በጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን መርጦ ይተካል። ብዙ የሚነገር ቃል ቀላል ነው ብለው አሰቡ ማለት ነው። በኋላም በብራዚል ከ2007 እስከ 2010 በተካሄደ ሥራ፣ ማንበብ በቅጡ ላልተማሩ ሰዎች የፖርቱጋል ቋንቋ ጽሑፍን የሚያቀል ፕሮግራም ተሠርቷል። በሽታ የሌለበት፣ ግን ትምህርት ያልደረሰው ሰውም በአንድ መንገድ ይረዳል ማለት ነው።

ይሁንና «ብዙ የሚነገረው ቃል ቀላል ነው» የሚለው ሐሳብ ወጥመድ አለበት። በእኛው ቋንቋ እንየው። «ቆረጠ» ከሚለው ቃል የበለጠ ቀላል ቃል ምን አለ? ሕፃን ያውቀዋል። ግን ገመድ ይቆረጣል፤ ቲኬት ይቆረጣል፤ የሠርግ ቀን ይቆረጣል፤ ተስፋ ይቆረጣል፤ ከደመወዝም ይቆረጣል። ከባድ ቃል አውጥታችሁ «ተቆረጠ» ብትተኩ፣ ቃሉ ቀለለ፤ ትርጉሙ ግን አምስት ሆነ። አበሉ ተቆረጠ ሲባል፣ ቆመ ነው ወይስ ጥቂት ተነሣለት? ጤነኛ ሰው ከዙሪያው ያሉትን ቃላት አይቶ ይለየዋል። አፋዝያ ያለበት ሰው ያን መለየት ነው ያቃተው። ስለዚህ «ቆመ» ወይም «ተቀነሰ» ማለት ይሻላል።

በዕብራይስጥ ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የእኛ ፊደል ደግ ነው፤ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያለ ድምፁን በግልጽ ያሳያል። የዕብራይስጥ ጋዜጣና ደብዳቤ ግን ያለ ኒኩድ ይጻፋል። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ ብላችሁ ሦስት ፊደል ብትጽፉ፣ ሴፌር ተብሎ ቢነበብ መጽሐፍ ነው፤ ሳፓር ቢባል ጠጉር አስተካካይ ነው፤ ሳፋር ቢባል ቆጠረ ነው፤ ሲፔር ቢባል ተረከ ነው። አንባቢው ትክክለኛውን የሚመርጠው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ለአዲስ መጤ የሚታተም ቀላል ጋዜጣ ገና ከጥንት ኒኩድ ነበረው። ኦሜር የሚባለው ባለ ኒኩድ ዕለታዊ ጋዜጣ ከ1951 እስከ 1979 ድረስ ወጥቷል፤ በቀላል ዕብራይስጥ ይታተም የነበረውን ሻዓር ላማትሒልን ደግሞ ቀደም ብለው የመጡት ወገኖቻችን ከኡልፓን ያስታውሱታል። በውጭ አገርም፣ በስዊድን ከ1984 ጀምሮ «ስምንት ገጽ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው በቀላል ቋንቋ የሚጻፍ ጋዜጣ አለ።

ኒኩድን በኮምፒዩተር የማስገባቱ ሥራ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ያዓቆቭ ሹዌካ፣ በ1997 የወጣውን ራቭ ሚሊም የሚባለውን መዝገበ ቃላት የመሩ ሰው፣ ኮምፒዩተር ራሱ ኒኩድ የሚጨምርበትንም ፕሮግራም ሠርተዋል። ዛሬ ዲክታ የሚባለው ድርጅት ናክዳን የሚል ፕሮግራም በነፃ አቅርቧል፤ ያለ ኒኩድ የተጻፈ ዕብራይስጥ ስታስገቡበት ነጥቦቹን ጨምሮ ይመልስላችኋል። ኡልፓን የምትማሩ ሁሉ፣ በሽታ ባይኖርባችሁም ሞክሩት። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ግን ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

ፊደላችን ደግ ነው ብለናል፤ ነገር ግን እሱም አንድ ነገር ይደብቃል፤ መጥበቅና መላላትን። «አለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ይበላል» ብላችሁ ጻፉ፤ በላልቶ ንባብ በሊው እሱ ነው፤ በጠብቆ ንባብ የሚበላው እሱ ነው። «አንበሳው ይበላል» ሲል ፈሪ ሰው ይሸሻል፤ ደፋር ሰው ቢላዋ ይስላል። ቀልድ ቢመስልም፣ ቅድም የተናገርነው የአድራጊና የተደራጊ ችግር በአማርኛ በዓይን እንኳ የማይታይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። አሉታውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛም በዕብራይስጥም «አይደለም» ብቻውን ይቆማል፤ በእኛ ግን «አልተቀበልናቸውም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ እንዲሁም «አይደለም» የሚለው ሁሉ ታጭቋል። ዓይኑ «አል»ን የሳተ ሰው እምቢታውን እሺታ አድርጎ ያነባል።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «ትናንት ከሐይፋ የመጣው የእህቴ ባል ወንድም ለልጁ የገዛው ብስክሌት ጠፋ» ስንል፣ አንባቢው ሁሉን ተሸክሞ «ጠፋ» እስኪል ድረስ መጓዝ አለበት። አፋዝያ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሸክሙን ይጥላል። ስለዚህ አማርኛን ማቅለል ማለት በአብዛኛው ግሡን ቶሎ ማምጣት ነው። «ብስክሌት ጠፋ። ብስክሌቱ የልጁ ነው።» እያሉ መሄድ።

ኮምፒዩተር ይህን በአማርኛ ይችላል ወይ? ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው፤ ጉግል የሚባለው ድርጅትም አማርኛን ወደ ትርጉም ፕሮግራሙ ያስገባው በ2016 ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ እንደ ሰው የሚጽፉ ፕሮግራሞች በሰፊው ወጥተዋል፤ ልጆቻችሁ በስልካቸው ይዘዋቸዋል። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታችሁ «በቀላል ዕብራይስጥ ጻፍልኝ» ብትሉት ይጽፍላችኋል። «በአማርኛ» ብትሉትም ይጽፋል። እኛ በቢሯችን በተለያዩ የደብዳቤ ዓይነቶች ሞክረነዋል፤ የሰው ስምና ቁጥር አጥፍተን ነው የሞከርነው። የዕብራይስጡ ማቅለል ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የአማርኛው ግን አንዴ ያምራል፣ አንዴ ደግሞ የጋዜጣ አማርኛ ሆኖ ከደብዳቤው ይብስ ይከብዳል። ኮምፒዩተሩ የተማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በአማርኛ የተጻፈውና በኮምፒዩተር ያለው ደግሞ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

የሚያሳስበን ግን የቋንቋው ማማር አይደለም። የሚያሳስበን ደብዳቤው ገንዘብና መብት የያዘ መሆኑ ነው። ሦስት ነገሮችን በተለይ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ኒድሐ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል። ይህ ቃል ተላለፈ ማለትም ይሆናል፤ ውድቅ ሆነ ማለትም ይሆናል። ቀጠሮ ኒድሐ ሲባል ሌላ ቀን ይመጣል፤ ማመልከቻ ኒድሐ ሲባል ግን ተቀባይነት አላገኘም። ማመልከቻቸው ውድቅ ሆኖ ሳለ «ተላልፏል» ተብለው ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲጠብቁ የይግባኝ ቀናቸው ያለፈባቸው ሰዎች ቢሯችን መጥተዋል።

ሁለተኛ፣ ዔራር የሚለው ቃል። ይህ ውሳኔ ይለወጥልኝ ብሎ በተወሰነ ቀን ውስጥ የሚቀርብ ይግባኝ ነው። አንድ የማቅለያ ፕሮግራም «ትሉና» ብሎ፣ ማለትም አቤቱታ ብሎ ሲተካው አይተናል። ቃሉ በእርግጥ ቀለለ። ግን አቤቱታ ማቅረብና ይግባኝ ማቅረብ በሕግ አንድ አይደሉም፤ አቤቱታ ስትጽፉ የይግባኙ ቀን ቆሞ አይጠብቃችሁም።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። ደብዳቤው 9:00 ይላል፤ ኮምፒዩተሩም «9 ሰዓት» ብሎ ይተረጉማል። ለልጆቻችሁ ትክክል ነው። ለአያታቸው ግን 9 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር ጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ኮምፒዩተሩ አያውቅም። በዚህ ምክንያት የሐኪሞች ኮሚቴ ያመለጣቸው አሉ። ስለዚህ ቀንና ሰዓት፣ የገንዘብ ልክ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ከዋናው ደብዳቤ ላይ በጣታችሁ እየነካችሁ አመሳክሩ። የቴውዳት ዜሁት ቁጥር፣ የባንክ ቁጥርና የበሽታ ስም ያለበትን ገጽ ደግሞ ሳትሸፍኑ ወደ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አታስገቡ።

ኮምፒዩተሩን ትታችሁ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድም ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግ በ1998 ወጥቷል፤ በ2005 ስለ ነጊሹት፣ ማለትም አገልግሎትን ለሁሉም ተደራሽ ስለ ማድረግ ሰፊ ክፍል ተጨመረለት፤ በ2013 በወጣው የአገልግሎት ደንብ ውስጥ ደግሞ ፒሹት ሌሾኒ፣ ማለትም ቋንቋን ማቅለል፣ በስሙ ተጠቅሷል። በኦኖ ኮሌጅ የሚገኘው ተቋም ለዚህ ሥራ ሰዎችን ያሠለጥናል። ብዙ ሰው ነጊሹት ሲባል የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ብቻ ይመስለዋል። ደረጃ መውጣት ላልቻለ መውጫ እንደሚሠራለት ሁሉ፣ ከባድ ዓረፍተ ነገር መውጣት ላልቻለም ቀላል ዓረፍተ ነገር ይሠራለታል። ሀያ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ራካዝ ነጊሹት ሊሾም ይገባዋል። ስትደውሉ «ራካዝ ነጊሹት ማነው?» በሉ። ከዚያም «አባቴ አፋዝያ አለበት፤ ደብዳቤው በቀላል ቋንቋ ይብራራልን» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ምላሽ ካጣችሁ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የእኩል መብት ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል።

በሕክምናው በኩልም፣ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከበሽተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ አዟል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ለንግግር ሕክምና ክሊናይት ቲክሾሬት ወደሚባሉት ባለሙያዎች እንዲልኳችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አማርኛ የምትናገር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ያም ሆኖ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ተቀምጦ ቃላቱን በአማርኛ ቢያቀብል ሕክምናው ይካሄዳል። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለአባቱ ሕመም አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጁ ሊሸከመው የማይገባውን ይሰማል፤ አባትም በልጁ ፊት ይዋረዳል። ይህን በተደጋጋሚ ስላየን ነው አጥብቀን የምንናገረው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ማቅለል ራሳችሁ ትችላላችሁ፤ እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እናሳያችሁ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል እንበል፤

«ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት በሕክምና ኮሚቴው ፊት ያልቀረበ፣ ላለመቅረቡም በቂ ምክንያት አስቀድሞ በጽሑፍ ያላስታወቀ አመልካች፣ ጉዳዩ በቀረቡት ሰነዶች ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሊወሰን እንደሚችል እንዲታወቅ ይሁን።»

ይህን እንዲህ አድርጋችሁ በትልቅ ፊደል፣ በአንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ ጻፉት፤

እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ሐኪሞች ያዩዎታል። (በእስራኤል 9:00)
ወደ ሐኪሞቹ ይምጡ።
መምጣት ካቃተዎት፣ ከእሑድ በፊት ይጻፉልን።
ቢቀሩና ባይጽፉ፣ ሐኪሞቹ ሳያዩዎት ይወስናሉ።

«አመልካች» የሚለው «እርስዎ» ሆነ፤ «ያልቀረበ፣ ያላስታወቀ» የሚለው የእምቢታ ክምር ተበተነ፤ ቀኑና ሰዓቱ ከላይ ወጣ። «እርስዎ» ማለታችንንም ልብ በሉ። ጽሑፍ ሲቀል አክብሮት መቅለል የለበትም፤ ስድሳ ዓመት የኖሩ አባት አንተ ተብለው እንዲታዘዙ የሚጽፍ ማቅለያ ለእኛ ቤት አይሆንም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ በዚህ ላይ በጣም ይሳሳታል፤ «እርስዎ» ብላችሁ እዘዙት።

ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶችስ? ለእነርሱ ማቅለል ማለት በቃል መናገር ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአጭር በአጭሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ንገሯቸው። አንዱን ነግራችሁ መልሱን ጠብቁ። ጥያቄያችሁ አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ያለው ይሁን፤ «ምን ትፈልጊያለሽ እማማ?» ከማለት «ሻይ ትፈልጊያለሽ?» ማለት ይሻላል። ቃል ሲጠፋቸው አትቸኩሉ፤ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቃሉን አቀብሉ። የሬቃ ሬዲዮ የአማርኛ ዜናም አብራችሁ ስሙና፣ እያንዳንዱ ወሬ ሲያልቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገሙላቸው። ከላይ የጠቀስናቸው አባት ዛሬ በዚህ መንገድ ዜና ይከታተላሉ፤ ስለ ምርጫ ሲወራ በእጃቸው ምልክት ይከራከራሉ፤ ሚስታቸው እንደሚሉት ድሮም ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።

በእጃችሁ ያልገባችሁ ደብዳቤ ካለ፣ ዋናውንና ስልኩ ያወጣላችሁን ቅጂ ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ ሰፈራችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን እናነባቸዋለን። ፖስታውንም አትጣሉት፤ በላዩ የታተመው ቀን ለይግባኝ ይፈለጋል። የዚህ ጽሑፍ የዕብራይስጥ ቅጂ ለልጆቻችሁ በጀርባው ገጽ ታትሟል። በሚቀጥለው ዕትም ስለ ሲዑድ፣ ማለትም በቤት ስለሚሰጥ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ማመልከቻው እንዴት እንደሚሞላ እንጽፋለን።